ፍሬን ያዝኩ፣ ጡሩምባ ነፋሁ፣ አላዳንኳቸውም፤ እንስሳት ከባቡር ለምን አይሸሹም?

የሌሊት ነጂ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። የጭነት ባቡር ነጂ ነኝ፤ በሥራው 11 ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት አጋዘን ከነግልገሏ ገጨሁ። ኩርባውን ጨርሼ ስወጣ ሁለቱም ሀዲዱ መሃል ቆመዋል። ጡሩምባ ነፋሁ፣ ፍሬን ያዝኩ። አሁን ወደ ጎን ትወጣለች ስል እናቲቱ ፊቷን አዞረችና በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ቀጥ ብላ መሮጥ ጀመረች። ግልገሏም ተከተላት። የባቡሩ መብራት መንገድ እያሳያቸው ይመስል ነበር። ባቡሩ የቆመው እነሱን አልፎ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ከሄደ በኋላ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዲህ ሲገጥመኝ «ሥራው ነው» እል ነበር። አሁን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ቢሉ ይተርፉ ነበር። ለምንድን ነው የማይሉት?

ሌላም የሚከነክነኝ ነገር አለ። ሪፖርት ስሞላ ቅጹ ላይ «በሎኮሞቲቩ (በጎታቹ ሞተር) ላይ የደረሰ ጉዳት» የሚል መስመር አለ፤ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። «የዘገየበት ደቂቃ» የሚልም አለ፤ 14 አልኩ። ስለ እንስሳቱ የሚጻፍበት መስመር የለም። እነዚያ ሁለት ነፍሶች የትም አልተመዘገቡም።

የምታውቁ ካላችሁ አስረዱኝ።

ፉርጎ ቆጣሪ

አይዞህ ወንድሜ። እኔም የጣቢያ ሠራተኛ ነኝ፤ ሾፌሮች እንዲህ ካለ ሌሊት በኋላ ፊታቸው ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ማንም አይጠይቃቸውም።

አሮጌ ሀዲድ

ልጄ፣ እኔ 30 ዓመት ነድቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። መጀመሪያ ራስህን መውቀስ ተው። ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል የሚይዘው ነገር ትንሽ ነው። ባቡር ያንን ሁሉ ጭነት በትንሽ ጉልበት የሚጎትተው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቶሎ መቆም የሚያቅተውም በዚሁ ምክንያት። በዚያ ላይ መኪና መሪውን ይጠመዝዛል፣ አንተ መሪ የለህም። መብራትህ የሚያሳይህ ርቀት ለመቆም ከሚያስፈልግህ ርቀት በጣም ያንሳል። ስለዚህ እንስሳውን አይተህ ፍሬን ስትይዝ ነገሩ አብቅቷል።

እኔ ከዕድሜዬ የተማርኩት ይህን ነው፦ መፍትሔው ሾፌሩ ክፍል ውስጥ የለም። ባቡሩ ከመድረሱ በፊት፣ እዚያው ሀዲዱ ዳር ነው መፈለግ ያለበት።

የጫካ ዱካ

የዱር እንስሳት ሥነ ምሕዳር ነው ያጠናሁት፤ «ለምን ወደ ጎን አይሉም?» ለሚለው የምችለውን ልመልስ።

አጋዘን የምትሸሸው ከአዳኝ ነው። አዳኝ ደግሞ ይታጠፋል፣ ይደክማል፣ ወደ ጫካ ይከተላል። ከአዳኝ የምታመልጠው ክፍት በሆነና እግር በማይይዝ መሬት ላይ በፍጥነት በመሮጥ ነው። ሀዲዱ መሃል ደግሞ ልክ እንዲህ ያለ መሬት ነው። ከጎን ያለው ልቅ ጠጠር፣ ቁልቁለት፣ ቦይ ወይም ቁጥቋጦ ነው፤ በረዶ ባለበት አገር ደግሞ ደረት የሚደርስ ክምር። ስለዚህ በደመ ነፍስ የመረጠችው መንገድ ለእሷ ትክክል ነበር። ከኋላዋ ያለው ነገር ከሀዲድ እንደማይወጣ የምታውቅበት መንገድ የላትም።

ሁለተኛው ድምፅ ነው። ባቡር ጩኸታም ይመስለናል፤ ምክንያቱም እኛ የምንሰማው ከጎን ቆመን ነው። ከፊት ለፊት ያለው ድምፅ ግን ያንሳል። ኩርባ፣ ኮረብታ፣ የሚፈስ ውሃ ሲጨመርበት ባቡሩ አጠገብ እስኪደርስ ላይሰማ ይችላል። ቁልቁል ሞተሩን አብርዶ የሚወርድ ባቡር ደግሞ የባሰ ነው።

ይህን በግምት አይደለም የምለው። በካናዳ ባንፍ እና ዮሆ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ የሚያልፈውን መስመር የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለዓመታት አጥንተውታል። በፕሮፌሰር ኮሊን ካሳዲ ሴንት ክሌር የተመራው ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2018 የተመዘገቡ 646 ግጭቶችን መረመረ፦ 59 ድቦች፣ 27 ተኩላዎችና ሌሎች ሥጋ በሎች፣ 560 አጋዘኖች፣ የዱር በጎችና የመሳሰሉት። ሞት የበዛው ባቡሩ በሚፈጥንበት፣ ውሃ ቅርብ በሆነበትና ሀዲዱ በሚታጠፍበት ቦታ ነው። የሌሊት ነጂ፣ ያንተ ቦታ ኩርባ ነው ብለሃል። ወንዝ አለው?

የሌሊት ነጂ

አለው። ከኩርባው በታች 50 ሜትር አይሆንም። ይህን እስካሁን አንድ ላይ አስቤው አላውቅም። ጋሼ፣ አንተንም አመሰግናለሁ። «ነገሩ አብቅቷል» ያልከው ከበደኝም አሳረፈኝም።

ሚዛን

ቅር እንዳትሰኙ፤ የሚሰማኝን ልናገር። በየመስመሩ ባቡር ቀስ ይበል ከተባለ መድኃኒትና እህል የሚጠብቅ ሰው ይዘገያል። ተሳፋሪው ወደ መኪና መንገድ ይመለሳል፤ እዚያ ደግሞ የበለጠ ሰውም እንስሳም ይሞታል። አጋዘን ያሳዝናል፤ ግን የሰው ሕይወት ይቀድማል። ይህ ጥያቄ እዚህ ክር ውስጥ ካልተነሳ ውይይቱ ጎደሎ ነው።

አሮጌ ሀዲድ

ሚዛን፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ግን የሰው ሕይወትና የእንስሳው ሕይወት እዚህ ላይ የሚቃረኑ አይደሉም። እኛ በሥልጠና ጊዜ የተማርነው አንድ አደጋ አለ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 1984 ስኮትላንድ ውስጥ ፖልሞንት አቅራቢያ፣ ከኤድንብራ ወደ ግላስጎ የሚሄድ የመንገደኛ ባቡር ከተበላሸ አጥር ሾልካ የገባች አንዲት ላም ገጨ። ሎኮሞቲቩ ከኋላ ሆኖ ይገፋ ስለነበር ከፊት የነበረው ቀላል ፉርጎ ነው። ከሀዲድ ወጣ። 13 ሰው ሞተ፣ 61 ቆሰለ። አንዲት ላም!

እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ጀርመን ውስጥ ፉልዳ አጠገብ በላንድሩከን ዋሻ አንድ ፈጣን ባቡር ከበግ መንጋ ጋር ተጋጭቶ ከሀዲድ ወጥቷል፤ ተሳፋሪዎች ተጎድተዋል። ሀዲድ ላይ እንስሳ እንዳይገኝ ማድረግ የተሳፋሪው ጉዳይም ነው።

ሚዛን

የፖልሞንቱን አላውቅም ነበር። እሺ፣ ተቀብያለሁ። እንግዲያው ለምን በቀላሉ ዳር እስከ ዳር አጥር አይታጠርም?

የጫካ ዱካ

አጥር ብቻውን ሦስት ችግር ያመጣል። አንደኛ፣ እንስሳት ውሃ፣ ግጦሽና ተጓዳኝ ፍለጋ ይዘዋወራሉ፤ አጥሩ አገራቸውን ለሁለት ይከፍለዋል። ሁለተኛ፣ ማንኛውም አጥር መጨረሻ አለው፤ እንስሳው እስከዚያ ድረስ ተከትሎት ይሄድና እዚያው ጫፍ ላይ ይገጫል። ሦስተኛውና ክፉው፣ በአንድ ቀዳዳ ከገባ መውጫ ያጣል። ግራና ቀኝ አጥር፣ ከኋላ ባቡር።

አጥር የሚሠራው ከመሹለኪያ ጋር ሲሆን ነው። እዚያው ባንፍ ውስጥ በአውራ ጎዳናው ላይ አጥርና የእንስሳት መሻገሪያ ድልድዮች፣ ከሥርም መሹለኪያዎች ተሠርተው የመኪና ግጭት ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል። ከጎኑ ያለው ባቡር መስመር ግን ይህ አልተደረገለትም፤ እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ በሁለቱ ፓርኮች በሰው ምክንያት ለሚሞቱ ግሪዝሊ ድቦች ዋናው ምክንያት ባቡር ሆኖ ቆይቷል። ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን እየሄዱ ይህን ያህል መለያየታቸው ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

ከመጀመሪያው ታስቦበት ሲሠራ ደግሞ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የተከፈተው የቻይናው የቺንግሃይ–ቲቤት መስመር የሚፈልሱ የቲቤት ሚዳቋዎች እንዲያልፉ 33 መተላለፊያዎች ተሠርተውለታል። በመጀመሪያ ሚዳቋዎቹ ይፈሩ ነበር፤ ቆይተው ለመዱት። ኬንያ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው የናይሮቢ–ሞምባሳ መስመር በጻቮ ብሔራዊ ፓርክ በኩል ሲያልፍ ለዝሆን የሚበቁ መሹለኪያዎች አሉት፤ ዝሆኖችም ይጠቀሙባቸዋል። አንዳንዶቹ ግን አሁንም አጥር ጥሰው ይገባሉ፤ የድሮ መንገዳቸው እዚያ ነውና።

ጠጠር

ሰላም። በሀዲድ ጥገና ቡድን ውስጥ የምሠራ ሴት ነኝ። ስለ ድልድይና ስለ መሹለኪያ ስትጽፉ ደስ ይላል፤ ግን እኛ በአካፋና በማጭድ ልንሠራው የምንችለው ነገር ሳይነሳ አይለፍ።

እንስሳ ሀዲድ ላይ የሚመጣው የሚበላ ስላለው ነው። ከፉርጎ በር የሚያፈስ እህል አይቼ አውቃለሁ፤ በክረምት ሀዲዱ መሃል በቅሎ እንደ ማሳ ይሆናል። ዳሩን ስንመነጥር ደግሞ ፀሐይ ስለሚያገኝ ለምለም ሣርና እንጆሪ መሰል ፍሬ ይበቅልበታል። መነጠርን ብለን ግጦሽ እንሠራለን። አንዴ መንጥሮ መተው ከአለመመንጠር የባሰ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ወይ በየጊዜው፣ ወይም እንስሳው የማይወደውን ተክል መተው።

ከሁሉ በላይ ግን በድኑ ነው። የተገጨ እንስሳ እዚያው ከተተወ ሥጋ በል ይጠራል። እሱም ይገጫል፤ እሱም በተራው ሌላ ይጠራል። አንድ ጊዜ በአንድ ኩርባ ላይ አንድ አጋዘን፣ ሁለት ቀበሮና አንድ ትልቅ ንስር በአንድ ሳምንት ውስጥ አንስተናል። ንስሩን ያነሳሁት በእጄ ነው። ክንፉ ከእኔ ቁመት ይበልጥ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ በድን ካየሁ ተራዬ ሳይሆንም ከመስመሩ አርቄ እጥለዋለሁ።

የጫካ ዱካ

ጠጠር፣ የጻፍሽው አብዛኛው በጥናት የተደገፈ ነው። ባንፍም ውስጥ ድቦቹ ከፉርጎ የሚፈሰውን እህል ይበሉ ነበር። ጀርመን ውስጥ ነጭ ጭራ ያላቸው የባሕር ንስሮች ከሚሞቱባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ባቡር ነው፤ በተገጨ እንስሳ ሥጋ ላይ እያሉ ይገጫሉ። ኖርዌይ ውስጥ ደግሞ ሙስ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን ለማዳን የሀዲዱን ዳር መመንጠር፣ ከሀዲድ ርቆ መኖ ማስቀመጥና የሽታ መከላከያ ተሞክረው ግጭቱ ወደ ግማሽ የሚጠጋ ቀንሷል። ይበልጥ አስተማማኝ ሆነው የተገኙት ምንጣሮውና መኖው ናቸው።

በረዶ ሲበዛማ ሀዲዱ ብቸኛው የተጠረገ መንገድ ይሆናል። አላስካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1989–90 ክረምት ባቡር ከ700 በላይ ሙሶችን ገድሏል።

የመንጋ እረኛ

ኖርዌይ ከተነሳ፦ በኖቬምበር 2017 በሰሜኑ በኩል በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100 በላይ ሬንዲሮች (የበረዶ አገር አጋዘኖች) በጭነት ባቡሮች አለቁ፤ 65ቱ በአንድ ግጭት ብቻ። እነዚያ የዱር አልነበሩም፤ ባለቤት ያላቸው፣ ወደ ክረምት ግጦሽ የሚነዱ መንጋዎች ናቸው። መንጋ እንደሚያልፍ ለባቡር ሾፌሮች ማስታወቅ የተለመደ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ግን በቴክኒክ ብልሽት መልእክቱ አልደረሳቸውም።

የሌሊት ነጂ፣ ስለ ቅጹ የጻፍከውን ሳነብ ይህ ነው ትዝ ያለኝ። ሥርዓት ነበር፤ መልእክቱ ግን ሾፌሩ ጆሮ አልደረሰም። እኔ ከብት ጠብቄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ አንድ ሌሊት ተኝቶ ጠዋት መንጋውን በሙሉ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል።

እናት ዝሆን

ስለ ዝሆን ልጨምር፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ አንብቤአለሁ፣ ያለቀስኩበትም ነው።

በሕንድ ምዕራብ ቤንጋል ዱዋርስ በሚባለው አካባቢ ከሲሊጉሪ ወደ አሊፑርዱዋር የሚሄደው መስመር ጫካውን ሰንጥቆ ያልፋል። ድሮ ጠባብ ሀዲድ ነበር። በሰፊ ሀዲድ ሲተካ ባቡሮቹ በዙ፣ ፈጠኑ፣ የዝሆን ሞትም ጨመረ። በሴፕቴምበር 2010 አንድ የጭነት ባቡር በአንድ ሌሊት ሰባት ዝሆኖች ገደለ። በስሪላንካም በፌብሩዋሪ 2025 ሀባራና አቅራቢያ የመንገደኛ ባቡር መንጋ ገጭቶ ስድስት ዝሆኖች ሞተዋል፤ ባቡሩ ከሀዲድ ወጥቷል፣ ተሳፋሪዎች ግን ተርፈዋል።

ዝሆን ከሩቅ ይሰማል፣ ንዝረትንም በእግሩ ያዳምጣል። ታዲያ ለምን? መንጋው የሚሄደው በታናሹ ፍጥነት ስለሆነ ነው። ግልገሉ የሀዲዱን ቁልቁለት መውጣት መውረድ ያቅተዋል። አንዱ ሲቀር ትልልቆቹ ጥለውት አይሄዱም። መተሳሰባቸው ነው የሚገድላቸው።

ተስፋም አለ። በሕንዱ ራጃጂ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የደን ሠራተኞች፣ የባቡር መሥሪያ ቤቱና የእንስሳት ተቆርቋሪዎች አብረው ሌሊት ሀዲዱን በእግር መጠበቅ ጀመሩ፤ ዝሆን ሲያዩ ለጣቢያ ያስታውቃሉ። ሞቱ በእጅጉ ቀነሰ። መብራትና ሬዲዮ የያዘ ሰው፣ ሌላ ምንም። በዚያው በሕንድ፣ በታሚል ናዱ ማዱካራይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የሙቀት ካሜራዎች ዝሆኑን ከሩቅ ለይተው ያስጠነቅቃሉ። የሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ባቡር መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. ከ2017 አንሥቶ በአንዳንድ ማቋረጫዎች የንብ ድምፅ በድምፅ ማጉያ ያሰማል፤ ዝሆን ንብ ይፈራል፣ ይህም ኬንያ ውስጥ በጥናት ታይቷል።

ፉርጎ ቆጣሪ

የንቡ ነገር ገረመኝ። ግን አይለምዱትም? ወፍ ማስፈራሪያ እንኳ በሳምንት ይለመዳል።

የጫካ ዱካ

ይለምዱታል፤ ድምፁ ያለ ምክንያት ሁልጊዜ ከተሰማ። ቁልፉ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር።

ማስፈራሪያ ቀኑን ሙሉ ሲጮኽ ትርጉም ያጣል። ባቡር ሲመጣ ብቻ፣ ባቡሩ ከመድረሱ ጥቂት ሰኮንዶች ቀድሞ ከተሰማ ግን እንስሳው «ይህ ሲሰማ ያ ነገር ይመጣል» ብሎ ይማራል። ባቡሩ ራሱ ትምህርቱን ያድስለታል። የአልበርታ ተመራማሪዎች መብራትና ደወል ያለው ርካሽ መሣሪያ ሠርተው ይህንኑ ሞክረዋል፤ ማስጠንቀቂያ ያገኙ እንስሳት ቀድመው ከሀዲድ ወጥተዋል። ፖላንድ ውስጥም ባቡር ሲቃረብ የእንስሳትን የሥጋት ጥሪ፣ የአዳኝ ውሻ ጩኸትን ጭምር የሚያሰሙ መሣሪያዎች በመስመር ዳር ተተክለዋል። ጃፓን ውስጥ የባቡር ቴክኒክ ምርምር ተቋሙ ከባቡሩ ላይ መጀመሪያ የአጋዘን ማስጠንቀቂያ ድምፅ፣ ከዚያ የውሻ ጩኸት አሰምቶ በሀዲድ ዳር የሚታዩት አጋዘኖች ወደ 45 በመቶ ቀንሰዋል።

እኔ በጣም የምወደው ግን ኪንተትሱ የተባለው የጃፓን ባቡር ድርጅት ያደረገውን ነው። አጋዘኖቹ ሀዲዱን መሻገር አለባቸው፤ አጥር ቢታጠርም መሻገራቸው አልቀረም። ስለዚህ በአጥሩ ላይ ክፍተት ተተወላቸው። ባቡር በሚሄድበት የማታ ሰዓት እኛ የማንሰማው ከፍተኛ ድምፅ ክፍተቱን ይዘጋል፤ ባቡር በማይኖርበት ሰዓት ድምፁ ይቆማል፣ አጋዘኖቹም ያልፋሉ። ቦታውን አልከለከሏቸውም፤ ሰዓቱን ተካፈሏቸው።

ጠጠር

«ሰዓቱን ተካፈሏቸው» የሚለውን ለቡድኔ አነበብኩላቸው። እኛም እኮ ለጥገና መስመሩን የምንዘጋው በሰዓት ነው፤ ለእኛ የሚሆን ለእነሱ ለምን አይሆንም?

ከጃፓን እኔም አንድ አውቃለሁ። ኤሊዎች በሁለት ሀዲድ መካከል ይወድቁና መውጣት ያቅታቸዋል፤ እየሄዱ እየሄዱ ሀዲዱ የሚቀያየርበት ቦታ ላይ ይጣበቃሉ። ባቡሩም ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2015 ጄአር ዌስት የተባለው የባቡር ድርጅት ከውኃ እንስሳት ማሳያ ማዕከል ጋር ሆኖ ከሀዲዱ ሥር የሲሚንቶ ቦይ አስቀመጠ፤ ኤሊዋ ቦዩ ውስጥ ትወድቃለች፣ ሠራተኛ መጥቶ ያወጣታል። እንዲህ ያለ ሥራ ለአንድ የጥገና ቡድን ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ነው።

ሚዛን

ቅድም ያልኩትን ላርም። ባቡር ሁሉ በየቦታው ይዘግይ የሚል ሰው ያለ መስሎኝ ነበር። እየተባለ ያለው ግን የታወቀ ኩርባ፣ የታወቀ ሰዓት ነው። በሁለት ኪሎ ሜትር ላይ፣ በሌሊት ብቻ ፍጥነት ቢቀንስ የሚጠፋው ደቂቃ ጥቂት ነው፤ አንድ ጊዜ ገጭቶ ከመቆም ያነሰ። ግን የትኛው ኪሎ ሜትር እንደሆነ ማን ያውቃል? መረጃው አለ?

የሌሊት ነጂ

ከሦስት ቀን በኋላ ነው የተመለስኩት፤ ይቅርታ።

ሚዛን፣ መረጃው የለም፤ ቅጹ ላይ መስመር የለማ። ስለዚህ አምስት ሾፌሮች ተሰብስበን በእርሳስ መጻፍ ጀመርን፦ የትኛው ኪሎ ሜትር፣ ስንት ሰዓት፣ ምን እንስሳ፣ ስንት፣ ወደ የት ሮጠ፣ ተገጨ ወይስ ተረፈ። የተረፉትንም እንጽፋለን፤ የት እንደሚሻገሩ የሚነግሩን እነሱም ናቸው። ከትዝታም የምናስታውሰውን ሞላን። አምስታችንም ሳንነጋገር ያቺን የወንዝ ዳር ኩርባ ጽፈናል። ሌላም አንድ ቦታ አለ፤ ተራራው ተቆርሶ ግራና ቀኙ ገደል የሆነበት፣ ከገቡ መውጫ የሌለበት።

ወረቀቱን ለኃላፊያችን ሰጠሁት። ምን እንደሚሆን ገና አልተነገረኝም።

ጠጠር

የሌሊት ነጂ፣ ሁለት ነገር ጨምርበት፦ በዚያ ቀን ዳሩ መመንጠሩን ወይም አለመመንጠሩን፣ በድኑ መነሳቱን ወይም አለመነሳቱን። የእኛ ቡድን ሁለቱን መሙላት ይችላል። ቅጂውን ላክልኝ።

የሌሊት ነጂ

ዛሬ ማታ ተረኛ ነኝ። ጠዋት ስመለስ እልክልሻለሁ።